ድስቱ የለበሰው ኮት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣
ፀሐይዋ ከስፌት መኪናዬ ወርዳ የአልጋው ጫፍ ላይ ስትደርስ

ለባለቤቴ፣ ለስንጥቅ ጠላት፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ብዕር አነሳሁና መልሱን ሳልጠይቅህ እንደማውቀው ትዝ አለኝ። በርዶሃል። አንተ ጥርስህ እየተንገጫገጨ እንኳ "ደህና ነኝ" የምትል ሰው ነህ፤ ኮት ላኪልኝ ካልክ እዚያ ያለው ብርድ የዋዛ እንዳልሆነ ገባኝ። ከምትሠራበት ቦታ የሚመላለሰው ሹፌር መልእክትህን በቃሉ ነው የነገረኝ። "ግራጫውን ኮቴን ትላክልኝ ብሏል" አለ። እኔም ሌላስ በሚል ዓይን ሳየው ጊዜ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ "ሰላምም ብሎሻል" ብሎ ጨመረበት። ሰላምታዋን ከራሱ ኪስ እንዳወጣት ፊቱ ይናገር ነበር። ቢሆንም ተቀብያታለሁ።

ዛሬ ወደ እናንተ ከመነሳቱ በፊት ኮቱን ሊወስድ ይመጣል። ችግሩ ግን ኮቱ ሥራ ላይ ነው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ካልነገርኩህ አይገባህም፤ ስለዚህ የያዝከውን መስኮት ለጥቂት ጊዜ ግድግዳው ላይ አስደግፈውና ቁጭ ብለህ አንብብ።

እዚህ ብርዱ ከገባ ሰንብቷል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ መንገዱን ስለሚውጠው ከማዶ ያለው ዳቦ ቤት መብራቱ ብቻ ነው የሚታየኝ። ግድግዳው የለም፣ ዳቦ ጋጋሪው የለም፣ ቢጫ መብራት ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዎች ወደ መብራቱ ሲሄዱ አያለሁ፤ ጉሙ ውስጥ ይጠፋሉ፣ ቆይተው ዳቦ ታቅፈው ይመለሳሉ። አንዳንዴ ሥራዬን ትቼ እነሱን ብቻ ስመለከት እቆያለሁ። የሄደ ሰው ሁሉ ሲመለስ ማየት ደስ ይላል።

ስትሄድ የተባባልነውን አልደግመውም ብዬ ነበር፤ ግን ነገሬ ከዚያ ስለሚነሳ ልድገመው። ገና ሞቃት ነበር። ስለ ማሞቂያ በሞቃት ወር የሚጣላ ባልና ሚስት ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አንተ ብርዱ ሳይመጣ መስኮቱን በስቱኮ መድፈን ጀመርክ፣ እኔ ዘንድሮም በሹራብ ላይ ሹራብ ልታስደርበኝ ነው አልኩህ፣ አንተ ማሞቂያውን በቀን አንከፍትም አልክ፣ እኔ ደግሞ ከአንተ ጋር ከምኖር ከማሞቂያው ጋር ብኖር ይሻለኛል አልኩ። "እንግዲያው ጋብቻችሁን ይባርክላችሁ" ብለህ የመሣሪያ ሣጥንህን አንስተህ ወጣህ። የመጨረሻዋን መስኮት ሳትደፍናት ነው የሄድከው። ኮትህም ሞቃት ስለነበር እዚሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ብርዱ የገባ ዕለት ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ሳሎን መሃል እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ሙቀቱም አፈነኝና መስኮት ከፈትኩ። መስኮቱን ስከፍት "ሰማዩን ነው የምታሞቂው?" የሚል ድምፅ ጠበቅሁ። ማንም አልተናገረኝም። ማሞቂያው ጥግ ላይ ሆኖ ይንሾካሾካል፣ እኔ እሰማዋለሁ፤ የምንጨዋወተው ነገር አልነበረንም። አጠፋሁትና መስኮቱን ዘጋሁ። ከእሱ ጋር ያን ጊዜ ተለያየን፤ አሁን የተሰፋ ልብስ ይሰቀልበታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግርህ እንዳትስቅብኝ። ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳይነዘንዘኝ፣ አንተ ስትለኝ የኖርከውን ሁሉ መሥራት ጀመርኩ። ፀሐይ ጉሙን ስትገልጥ መጋረጃውን እስከ ዳር እከፍታለሁ፤ ልትጠልቅ ስትል እዘጋዋለሁ። ከአሮጌ ብርድ ልብስ ገበር ስላደረግሁለት አሁን ንፋስ ሲመጣ ንቅንቅ አይልም። ሳሎኑንና የእንግዳ ክፍሉን ዘግቼ የስፌት መኪናዬን በሩ ወደ ደረጃው የሚከፈተው መኝታ ቤት አስገባሁ። አንድ ክፍል ማሞቅ ሦስት ከማሞቅ ይቀላል ስትለኝ "ቤት እንዳጣ ሰው ልታኖረኝ ነው" ያልኩህ እኔው ነኝ፤ አሁን ያቺን አንድ ክፍል ወድጃታለሁ። ገላዬን ስታጠብ ውሃውን ወዲያው አልለቀውም፤ ሙቀቱን ለቤቱ ሰጥቶ ሲጨርስ ይሄዳል። ካውያውንም ሥራው ሳያልቅ አጠፋውና በቀረው ግለት መሐረብና ኮሌታ እተኩሳለሁ። ይህችን ዘዴ ግን የአንተ ናት እንዳትል፤ የራሴ ናት።

ቀኑን ሙሉ ፀሐይዋን ተከትዬ ወንበሬን እስባለሁ። ጠዋት በበሩ በኩል ነኝ፣ ቀትር ላይ መስኮቱ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ። ክሩ በብርሃኑ ውስጥ ሲያልፍ ወርቅማ ይሆንና ጥላው ላይ ሲደርስ ተራ ክር ይሆናል። ከመስኮቱ ማዶ ያ ራቁት ኮረብታ አለ። ልጅ ሳለህ ጫካ እንደነበረ፣ ሰፈሩ በየብርዱ እየቆረጠ ሲያነደው እንደጨረሰው ስትነግረኝ በአንድ ጆሮዬ ብቻ ነበር የምሰማህ። አናጢ ሆነህ ቁራጭ እንጨት ሲነድ ማየት ለምን እንደማትችል አሁን ገብቶኛል። ጉሙ ሲያርፍበት ዛፎቹ የተመለሱ ይመስለኛል። ጉሙ ሲነሳ የሉም፤ እኔም ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ።

በበሩ ሥር የሚገባው ንፋስ ግን እግሬን ሊቆርጠኝ ደረሰ። ያ ጉልበቱ ላይ ኮላ የፈሰሰበት የሥራ ሱሪህ ትዝ ይልሃል? አንዱን እግሩን ቆርጬ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት፣ ጫፍና ጫፉን ሰፋሁና በሩ ሥር አስተኛሁት። ንፋሱ ቆመ። ከሩቅ ሲያዩት ግን ሰው ሱሪውን አውልቆ በሩ ላይ የጣለ ይመስላል። ይህን ያዝልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

አሁን ወደ ኮቱ ልምጣ። አንድ ቀን ቦሎቄ ጥጄ በደንብ ከፈላ በኋላ፣ ገና ሳይበስል መብራት ጠፋ። ጥሬው ቦሎቄ ፊት ቆሜ ሳለሁ እናትህ ድሮ ድስቱን ከእሳት አውርደው ጭድ የሞላ ሣጥን ውስጥ ይቀብሩት እንደነበር፣ ምግቡም በገዛ ሙቀቱ እንደሚበስል የነገርከኝ ትዝ አለኝ። ጭድ ከየት ላምጣ? ድስቱን ክዳኑን ገጥሜ በፎጣ ጠቀለልኩት። አልጋው ላይ በአንተ በኩል አስቀመጥኩት። ኮትህን አለበስኩት፣ እጅጌዎቹን ከፊት አቆላለፍኩለት፣ ብርድ ልብሱን እስከ ኮሌታው ሳብኩለት። የዚያን ኮት የሱፍ ገበር የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሙቀት እንደማያስወጣ አውቃለሁ።

ፀሐይዋ አልጋውን አልፋ ግድግዳው ላይ ስትወጣ ከፈትኩት። እንፋሎቱ ፊቴን አለበሰኝ፤ ቦሎቄው ልስልስ ብሎ በስሏል። ማንኪያውን እንደያዝኩ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ከእሳት የወረደ ነገር ሁሉ አበቃለት ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። ለካ በደንብ ከሸፈኑት ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ከዚያ ወዲህ ድስቱ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ይተኛል። እኔም ዓይኔ ሲደክም አጠገቡ ጋደም እላለሁ። በዚያች ነቅቼም ተኝቼም ባልሆንኩባት ሰዓት የአንተ በኩል ይሞቀኛል። ኮትህ የእንጨት ብናኝ ይሸታል። ያቺ ያልደፈንካት መስኮት በቀስታ ታፏጫለች፤ እኔ ልደፍናት እችል ነበር፣ ግን አልነካኋትም። ድስቱ አልፎ አልፎ ጉርጉር ይላል። አንተም ከእራት በኋላ እንዲሁ ነበርክ። ዓይኔን ሳልገልጥ "ተመለስ ወደዚያ፣ ቦታ ልቀቅልኝ" ያልኩት ቀን አለ፤ ለማን እንዳልኩት አትጠይቀኝ።

ከእኛ በላይ የምትኖረውን ሬዲዮን ታውቃታለህ፤ ስሙን ያወጣህላት አንተ ነህ። የቀሚሷን ዚፕ ላስቀይር ብላ መጣችና በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ቆመች። ብርዱ ሲገባ ጊዜ ከመኪናዬ ቀና ሳልል "በሩን ዝጊልኝ፣ እንዳይበርደው" አልኳት። ድስቱን እንደ ሰው መጥራት ለምዶብኛል። ሬዲዮ መጀመሪያ ሱሪውን በሩ ሥር አየች። ከዚያ አልጋውን አየች፤ ግራጫው ኮት ኮሌታውን አቁሞ፣ ብርድ ልብሱ በአንተ በኩል አብጦ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀሚሷን ወንበር ላይ አስቀምጣ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወጣች፣ በሩንም ኮሽ ሳታደርግ ዘጋችው። ምንም ሳታወራ ስትወጣ አይቼ ስለማላውቅ ምን ነካት ብዬ አዘንኩላት።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ቤት ስሄድ ጋጋሪው ሳልጠይቀው ሁለት ዳቦ ጠቀለለልኝ። የምወስደው አንድ ነው ስለው "እንኳን ደስ አለሽ፣ እሱ በግማሽ ዳቦ እንደማይጠግብ እኔ አጣሁት?" አለኝ። ከኋላዬ የቆሙት ሁለት ሴቶችም እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ያኔ ነው የሬዲዮ በጣት ጫፍ መራመድ የገባኝ። "ድስት ነው" ማለት ነበረብኝ፤ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አላልኩም። ሁለቱን ዳቦ ታቅፌ ጉሙ ውስጥ ገባሁ፤ ቤት እስክደርስ ድረስ ባሏ ተኝቶ የሚጠብቃት ሴት ሆኜ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ዳቦውን ሳስቀምጥ ነው ሆዴ የባባው።

ወሬው እናትህ ጋ ይደርሳል ብዬ አለማሰቤ ነው የእኔ ሞኝነት። ትናንት ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ፣ ብከፍት እሳቸው ናቸው። ያን ሁሉ ደረጃ ብቻቸውን በዱላቸው እየዳበሱ ወጥተውታል። ዓይናቸው አንተ ከሄድክ ወዲህ በጣም ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ የሰው ፊት የሚለዩት ግን በቀን ብርሃን ተጠግተው ነው። ሐኪሙ እየቀነሰ እንደሚሄድ እንጂ እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነበር። አሁን መሐላዬን ያፈረስኩት ራሳቸው ስለፈቱኝ ነው፤ እንዴት እንደፈቱኝ እነግርሃለሁ።

ልነግራቸው ነበር። "እማማ፣ እሱ እኮ..." ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኙኝ።

"ተይው ይተኛ፣ መንገድ አድክሞት ነው" አሉ።

በዱላቸው ሱሪውን ነካ አድርገው ተሻገሩት፤ ሄደው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፉ። ድስቱ ትኩስ ነበር፤ ከእሳት ካወረድኩት ብዙም አልቆየም። መዳፋቸውን ከኮሌታው ጀምረው ወደ ታች ቀስ አድርገው አሻሹት፣ እጅጌውን ያዙት፣ የእጅጌውን ጫፍ በጣታቸው ጨበጡት። እኔ ምን ይዋጠኝ። እዚያው በሩ ጋ ደርቄ ቀረሁ። ፀሐይዋ ነጠላቸው ላይ ነበረች።

"ልጄ፣ ልቆጣህ አልመጣሁም" አሉት። ድምፃቸው የተኛ ሰው የማይቀሰቅስ ድምፅ ነበር። "አባትህም እንዲሁ ነበር። መሄድ ያውቅበታል፣ መመለስ ያሳፍረዋል። እኔ ያንተን ጥል አልዳኝም፤ እሷንም አልዳኝም። እኔ የመጣሁት ዓይኔ እየሄደ ስለሆነ ነው። ለሚመጣው ብርድ የሚቆይልኝ አይመስለኝም። ፊትህን አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን ተጠግቼ በደንብ ልየው። እሱን ካየሁ በኋላ ቢጨልምም አልፈራም፤ በውስጤ ይዤህ እቆያለሁ።"

ድስቱ ጉርጉር አለ። እናትህ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡለትና ተነሱ።

ክንዳቸውን ይዤ ደረጃው ድረስ ሸኘኋቸው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ መጋረጃዬ ገበር አወራን። እኔ በልቤ እንዴት ብዬ እውነቱን ልንገራቸው እላለሁ። የደረጃውን መደገፊያ ብረት ሲይዙ ቆም አሉ።

"እሑድ ቀትር ላይ እመጣለሁ፣ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ስትሆን" አሉኝ። "ነቅቶ ከጠበቀኝ አብረን እንበላለን። ካልነቃ እኔና አንቺ ክዳኑን ከፍተን እንበላለን።"

ክዳኑን ነው ያሉት። እሳቸው አንድ ደረጃ ወርደው ፊታቸውን ሳያዞሩ "ነጭ ሽንኩርቱን አብዝተሽዋል፤ ገና ከታች ነው የሸተተኝ" አሉ። ቀጥለውም "ያልኩትን ግን ሳታስቀሪ አድርሺለት" አሉና ወረዱ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ኮት የለበሰ ድስት ሰው የሚመስላቸው ሴትዮ መስለውኝ ነበር እንዴ? ድስት ጭድ ውስጥ ሲቀብሩ የኖሩ እኮ ናቸው። ያሉህን ሁሉ የተናገሩት ለእኔ ነበር፤ እኔ እንድጽፍልህ። እንግዲህ ይኸው፣ አንድም ሳላስቀር ጽፌያለሁ።

የራሴን ልጨምር ስል ሹፌሩ ይደርስብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ስለዚህ ባጭሩ። ና ብዬ አልለምንህም፤ ታውቀኛለህ። ብቻዬን ሆኜ ያንተን ብርድ ልብስ፣ ያንተን መጋረጃ፣ ያንተን ስንጥቅ ስጠብቅ ከረምኩ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበልህ። መመለስ የሚያሳፍርህ ከሆነ ደግሞ እሱ ነገር አልቋል። ሬዲዮ መጥቷል ብላ አውጃለች፣ ሰፈሩም ተቀብሎታል፣ እንኳን ደስ አለሽ ተብያለሁ። ጠዋት በጉሙ ውስጥ መጥተህ ዳቦ ቤቱ ጋ ብትቆም ጋጋሪው ሁለት ዳቦ ጠቅልሎ ይሰጥሃል። ታቅፈኸው ስትገባ የሚያይህ ሁሉ ዳቦ ልትገዛ ወርደህ የተመለስክ ነው የሚመስለው። ከየት መጣህ የሚልህ ሰው አይኖርም። እኔም አልልህም።

ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ወጥታለች፤ መጋረጃውን መዝጋት አለብኝ። መዶሻ ስትይዝ ጣትህ አይደንዝዝብህ። የምትሠራው መስኮት ሁሉ ብርሃን አስገብቶ ንፋስ የሚመልስ ይሁንልህ። በመንገድህ ላይ ጉም ካለ ከፊትህ ይገለጥልህ፤ ከኋላህ ይዘጋ።

ካልደፈንካት መስኮት ሥር፣
ሚስትህ

ረስቼው፦ ኮቱን አልላክሁትም። ድስቱ ይበርደዋል። በሹፌሩ እጅ የደረሰህ ያ ቡናማ ሹራብህ ነው፤ ክርኑን ጠግኜዋለሁ። ስስ ነው። ለመንገዱ ይበቃሃል፤ እዚያ ለመክረም ግን አይበቃህም።